በዋልካ ላይ የቆመው የድንጋይ ቤት

አዘዞ፣ ንጋት

መናኸሪያውን የለቀቅነው ወፍ ሲንጫጫ ነው። ግንቦት እየተገባደደ ነው፤ የሚኒባሱ ጣሪያ በማዳበሪያ ከረጢትና በጀሪካን ተጨናንቋል። ሌላው መንገደኛ ሰሊጥ ሊዘራ ይወርዳል። እኔ ግን የእናቴን ወንድም፣ ግንበኛውን ጋሼ አለልኝን፣ ክረምቱ ሳይገባ ከገዛ ቤታቸው ላስወጣ ነው የምሄደው። የመተማ ቤታቸው ግድግዳ ተሰንጥቋል። ጎረቤቶቻቸው «ጠንከር ያለ ዝናብ ከጣለ ይጫናቸዋል» ብለው ለእናቴ ላኩባት፤ ብትለምናቸው እምቢ አሉ።

ጭልጋን አልፈን ቁልቁለቱን ስንያያዘው ሹራቤን አወለቅሁ። ሾፌሩ የጉዞዬን ምክንያት ሲሰማ ሳቀ።

«ቆላ ላይ የድንጋይ ቤት? ምን ነካቸው! ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ነው።»

«መከራውስ ቀድሞ መክሯቸዋል» አልሁት። ወደ ቆላ የወረዱ ጊዜ የሚኖሩት በሣር ጎጆ ነበር። አንድ የበጋ ቀን ጎጆው ተቃጠለ፤ ትንሿ ልጃቸው ብርቄ ውስጥ ተኝታ ነበር። ከዚያ ወዲያ ከሣር ሥር ላያድሩ ማሉ።

ሾፌሩ ካሴቱን ዘጋው።

ሸሕዲ፣ ረፋድ

ፉል በሰሊጥ ዘይት በላሁ፤ ሙቀቱ ግን ግማሹን አስተወኝ። በመንገዱ ዳር የቀን ሠራተኞች መኮትኮቻቸውን ታቅፈው ቀጣሪ ይጠብቃሉ። ከጎጃም የመጣ ይሁን ከወሎ፣ አፉን ሲከፍት ይታወቃል። ከከተማው ስንወጣ ግራና ቀኙ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በበጋው ደርቆ እግር የሚውጥ ስንጥቅ አውጥቷል።

መተማ ዮሐንስ፣ ከሰዓት

ባቡር ረግጧት የማታውቅ ከተማ የባቡር ሐዲድ ተሸክማ ትኖራለች። አሮጌ ሐዲድ ከሱዳን በሎሪ ይመጣ በነበረ ጊዜ ያልገዛ የለም ይባላል። የአሮጌዎቹ ሱቆች በረንዳ በሐዲድ ቆሟል፤ የትምህርት ቤቱ ደወል እንኳ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የሐዲድ ቁራጭ ነው። አንዳንዱ ሱቅ በብሎኬት ሊተካ እየፈረሰ ነው።

ጋሼ አለልኝ ስንጥቁን በኖራ ሲደፍኑ አገኘኋቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ቤቱ ያምራል፤ የተጠረበ ድንጋይ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ ጣሪያውን የተሸከሙ ሁለት ሐዲዶች። እሳት የሚበላው እንጨት በቤቱ ውስጥ አንድም የለም።

«ጋሼ፣ ጎንደር ይምጡና ከእኛ ጋር ይክረሙ።»

«ብርቄ እኮ እዚህ ናት። ማን ላይ ጥያት ልሂድ?» አሉና ኖራቸውን ማቡካት ቀጠሉ።

ገና ሻይ ሳንጠጣ ዝናቡ ወረደ። ወዲያው አባራ፤ እሳቸው ግን ቀና ብለው ቀሩ። አንደኛው ሐዲድ ከግድግዳው ተንሸራትቶ ጫፉ ላይ ደርሷል። ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበሱት።

«ልጄ፣ መሠረቱን በበጋ ቆፈርሁት፤ ድርቁን አይቼ እንደኛ አገር መሬት ጠንካራ መሰለኝ። ለካ ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሸሻል። ድንጋዩን አውቀው ነበር፤ መሬቱን አላወቅሁትም።»

አልጋቸውን ተሸክመን ወጣን። እኔ ጎንደር እንደሚመጡ ተስፋ አድርጌ ነበር። እሳቸው ግን ጎረቤቶቻቸውን ጠርተው «የሣር ጎጆ ቀልሱልኝ» አሉ።

በማግሥቱ

መንደሩ በደቦ ወጣ። ማገሩ ሲታሰር፣ ሣሩ ሲከደን ጋሼ አለልኝ ራኩባ በሚሉት ዳስ ሥር ሆነው ጎጆውን ላለማየት ፊታቸውን አዙረው ተቀመጡ። እኔ ውሃ አቀብላለሁ። የደቦው አዝማች አቶ ደሴ ሥራው ሲያልቅ መጡ።

«ተማም ነው፣ ጋሼ አለልኝ፤ አልቋል። ይግቡና ይዩት።»

ተነሡ። ጎጆውን ዞር ዞር ብለው አዩት፤ አልገቡም።

«በወዲያኛውም በኩል በር አውጡለት» አሉ።

አቶ ደሴ ግራ ገባቸው። «ኧረ ጋሼ፣ ለአንድ ሰው ሁለት በር ምን ያደርጋል? ንፋስ ነው የሚያስገባብዎ።»

«ያን ቀን እሳቱ የያዘው በሩን ነበር።»

አቶ ደሴ መጥረቢያቸውን አነሡና አሁን የጨረሱትን ግድግዳ በወዲያኛው በኩል መቅደድ ጀመሩ።