ውርጭ ያደረበት ሣር

ሱሉልታ ባለው የጎልፍ ሜዳ የሣር ኃላፊ የሆንኩ ዓመት ሰላም አልነበረኝም። ሜዳችን የለበሰው ሰርዶ ነው። ሰርዶ ክረምቱን እንደ ልቡ ይንሰራፋል፤ ብርዱ ሲገባ ግን ቢጫ ሆኖ ይተኛል። ስለዚህ ጥቅምት ላይ፣ ኳሷ በምትገባባቸው ጉድጓዶች ዙሪያ ሰርዶውን አሳጥረን አጭደን፣ ብርድ የሚችል ሌላ ሣር በላዩ እንዘራለን። ያን ዓመት ኃላፊነቱ የእኔ ነበር።

ዘራሁ። ስስ አሸዋ አለበስኩት። ሳምንት አለፈ፤ መሬቱ ራሰ በራ እንደሆነ ቀረ። ጠዋት ከቡራዩ መጥቼ ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ አፈሩን አያለሁ። ዘሩ አሮጌ ይሆን? ወፍ ለቅሞት ይሆን?

ውኃ የሚያጠጡት ሽማግሌ ድሮ እዚያው አካባቢ ገበሬ ነበሩ።

"አከም ቡልተን፣ አባባ?" ብዬ አንድ ቀን በኦሮምኛ እንዴት እንዳደሩ ጠየቅኳቸው።

"ነጋ፣ ገለተ ዋቃ" ብለው ፈጣሪን አመሰገኑ። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አታፍጪበት። ዘር ካፈጠጡበት ያፍራል።"

በአሥራ አንደኛው ቀን እንደ ፀጉር የቀጠነ አረንጓዴ ብቅ አለ። ብቻዬን ሳቅኩ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም፤ ኅዳር እንደገባ ውርጭ ወረደ።

የዚያን ቀን ማለዳ ሜዳው ጨው የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። ውርጭ ያደረበት ሣር ከተረገጠ ይሰበራል፤ ፀሐይ እስክታቀልጠው መጠበቅ ግድ ነው። ተጫዋቾቹ ግን ዱላቸውን ይዘው መግቢያው ላይ ቆመዋል፤ ሥራ አስኪያጁም አብሯቸው ነበር።

"ምን ትጠብቂያለሽ? አስገቢያቸው እንጂ!"

"ጌታዬ፣ አንድ ሰዓት ብቻ ይታገሡን። አሁን ከተረገጠ ይሞታል።"

"ሣር ተረግጦ ሞተ ሲባል ሰምቼ አላውቅም!" አለና ቅርባችን ያለውን አዲስ ሣር አቋርጦ ሄዶ ተመለሰ። ከጫማው ሥር ሲንኮሻኮሽ ይሰማል። ሥራዬ እዚያው ያበቃ መሰለኝ፤ ቢሆንም ከመግቢያው ፈቀቅ አላልኩም።

ሽማግሌው መጥተው አጠገቤ ቆሙ። "እንዲህ ባለ ጠዋት እኔም ገብስ አጥቻለሁ። ልጅቷ እውነቷን ነው" አሉ። ተጫዋቾቹ ነጭ ፀጉራቸውን አይተው ይሁን ብርዱ አሸንፏቸው፣ ሻይ ሊጠጡ ተመለሱ።

በሦስተኛው ቀን አረንጓዴው መሃል የሥራ አስኪያጁ የእግር ዱካ አንድ በአንድ ጠቁሮ ወጣ፤ መሄጃውም መመለሻውም። መጥቶ አየው። ወደ ቢሮውም ተመለሰ። ሳምንቱን ሙሉ የስንብት ደብዳቤ ጠበቅሁ። ታኅሣሥ ላይ አንድ ማለዳ ስልኬ ጮኸ፤ ሥራ አስኪያጁ ነበር።

"ውርጭ አለ ወይ?" አለኝ። "እንግዶቹን አራት ሰዓት ላይ ኑ ልበላቸው?"

"አራት ሰዓት ጥሩ ነው" አልኩት።

ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ተመልሶ ሰርዶው ሲነቃ ጭንቀቴ ተገላበጠ። አሁን ደግሞ በስንት ጭንቅ ያበቀልኩት ሣር ለሰርዶው ቦታ መልቀቅ ነበረበት። የዘራሁት ግን አልሞትም አለ፤ ሜዳው እስከ ግንቦት መጨረሻ ዝንጉርጉር ሆኖ ከረመ።