ዲስኬን ሲካፈሉት

«በእኩል» የሚለውን ቃል ስሰማ እስከ ዛሬ እበግናለሁ። እኩልነት የምትጠላ ሴት እንዳልባል ነገሩን ከሥሩ ላውራው።

ጋምቤላ ክልል መሆንን ገና እየተለማመደች በነበረችበት ዘመን፣ ልጆች በየቋንቋቸው የሚማሩበት መጽሐፍ ይዘጋጅ ተባለና ኮሚቴ ተቋቋመ። ለአኝዋክኛ አንድ፣ ለኑዌርኛ አንድ፣ ለመዠንግርኛ አንድ አዘጋጅ ተመደበ፤ በላያቸው ደግሞ ሰብሳቢ ተሾመ። እኔ ከደጋ የመጣሁ መምህርት ነኝ። ኮሚቴው ውስጥ የገባሁት በዕውቀቴ አይደለም፣ በኮምፒውተሬ ነው። ወደ አገሩ የሚመለስ የእርዳታ ሠራተኛ የሸጠልኝ አሮጌ ኮምፒውተር ሳሎኔ ውስጥ ነበረኝ። መሥሪያ ቤቱም የራሱ ነበረው፤ ግን በሰብሳቢው ክፍል ውስጥ ጥልፍ ጨርቅ ተከናንቦ እንደ ሙሽራ ይቀመጣል እንጂ የሚነካው የለም። ስለዚህ የሦስት ቋንቋ መጽሐፍ እኔ ሳሎን ውስጥ፣ በእኔ መብራት፣ በእኔ ጣት ይተየብ ጀመር።

ከሦስቱ አዘጋጆች የመዠንግርኛው ከመዠንግሮች ከተማ ከመቲ የመጣ መምህር ነበር። የመጽሐፉን ሥዕሎች የሚሥለው ራሱ ነው፤ ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎ የሚሰቅል ሰው፣ ማር የሚቆርጥ ሰው፣ የዛፎቹን ቅጠል በየዓይነቱ። መስመሩ ሁሉ በእርሳስ ተጀምሮ በእስክሪብቶ የተጠናቀቀ፣ ዓይን የሚይዝ ሥራ ነበር። አንድ ቀን ለምን ይህን ያህል እንደሚደክም ጠየቅሁት።

«እህቴ፣ ልጆቼ መጽሐፍ ሲያዩ የሰው አገር ነገር ነው የሚመስላቸው» አለኝ። «ባቡር አለ፣ መርከብ አለ። ጫካ የለም። አንድ ጊዜ የራሳቸውን ጫካ መጽሐፍ ላይ ይዩ። ከዚያ ማንበብ ራሱ ይመጣል።»

የጫካውን ትምህርቶች የመጽሐፉ መጨረሻ ላይ አደረጋቸው። ልጆቹ ፊደሉን ሲጨርሱ እንደ ሽልማት እንዲደርሱባቸው ነበር ሐሳቡ።

ሥዕል ግን ቦታ ይበላል። ከመሥሪያ ቤት በተዋስነው ስካነር ወረቀቱን ባነሳን ቁጥር ኮምፒውተሬ ማቃሰት ጀመረ፤ ቆይቶም ጭራሽ ሞላሁ አለ። በጀት ብጠይቅ በሚቀጥለው ዓመት ተባልኩ። ተናደድኩና በገዛ ገንዘቤ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ፣ ከውጭ የሚሰካ ማከማቻ፣ ልገዛ ወሰንኩ።

ለሥልጠና አዲስ አበባ የሚሄድ ባልደረባዬን ላክሁት። ያኔ ሁለት ዓይነት ነበር የሚገኘው። አንደኛው ኪስ የሚገባ ትንሽ፣ መብራቱንም ከኮምፒውተሩ የሚስብ ነው። ሌላው ጡብ የሚያህል፣ የራሱ አዳፕተር ያለው፣ ግድግዳ ላይ የሚሰካ። የእኔ ኮምፒውተር ለራሱም በመከራ የሚነሳ ስለሆነ ሌላ የሚመግብበት አቅም የለውም፤ ጡቡን አምጣልኝ ብዬ ደጋግሜ አስረዳሁት። በሳምንቱ ስልክ ቤት ተጠራሁ።

«ሻጩ ለሴት ከሆነ ትንሿ ትሻላለች፣ ቦርሳ ውስጥ ትገባለች ይላል» አለኝ ባልደረባዬ።

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ ጮህኩ። «ቦርሳዬ ውስጥ የሚገባውን እሱ ምን አገባው! የራሷ መብራት የላትም በለው! ጡቡን!»

ጡቡ በአውሮፕላን መጣ። ማረፊያው ድረስ ሄጄ ተቀበልኩትና አቅፌው ወደ ቤቴ ገባሁ።

ያሰብኩት ቀላል ነበር። ዲስኩን ሳልከፋፍል ፎርማት አድርጌ ለሥራ ላዘጋጀውና ውስጡ ሦስት ፎልደር፣ እንደ ማኅደር ያለ፣ ልከፍት፤ እያንዳንዱ መጽሐፍ የሚፈልገውን ያህል ይወስዳል፣ በቃ። ሰብሳቢው ግን ዲስኩ መምጣቱን ሰምቶ ቤቴ ድረስ መጣ። ጎበዝ፣ ልፋት የሚወድ፣ ግን ጥላውን የሚፈራ ሰው ነበር።

«ፎልደር አጥር የለውም» አለኝ። «አንዱ ሰፋ አድርጎ ቢይዝ ነገ ምን ሊባል ነው? ዲስኩ ለሦስት ይከፈል። በእኩል።»

ፍርሃቱ ገብቶኛል። ያን ጊዜ መኪናውም ወንበሩም የሥልጠና ዕድሉም በየብሔሩ እየተቆጠረ ነበር የሚደለደለው። አንዱ ወገን አነሰኝ ካለ ስብሰባ ይጠራል፣ ሰብሳቢው ይገመገማል፤ ግምገማ ደግሞ ቀልድ አልነበረም። ግን ዲስክ መሬት አይደለም፣ ወንበርም አይደለም። ጽሑፍ ብቻ ያለው መጽሐፍና ሥዕል የሞላው መጽሐፍ እኩል ቦታ አይፈልጉም ብዬ በአማርኛ፣ በምልክት፣ ሻይ እየቀዳሁም አስረዳሁት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

«እሺ፣ የእኔስ?» አልኩት። «የልጆቼ ፎቶ፣ የፈተና ወረቀቶቼ የት ይግቡ?»

«አንቺማ ደገኛ ነሽ፤ ድልድሉ ውስጥ የለሽም» አለኝ፣ በቅን ልቡና ነው ደግሞ። «ኮምፒውተሩ ያንቺ አይደል?»

በገዛ ገንዘቤ በገዛሁት ዲስክ ላይ መጠለያ ያጣሁት እንዲህ ነው።

ፎርማት የሚደረግበት ቀን ሁሉም እንዲገኝ ታዘዘ። ሦስቱ አዘጋጆችና ሰብሳቢው ሳሎኔ ውስጥ ተደርድረው ተቀመጡ። ሙቀቱ ያፍናል፤ ያለችኝን አንዲት ቬንትሌተር ዲስኩ እንዳይግል ወደ እሱ ስላዞርኳት ሰዎቹ በላብ ተጠመቁ። ሰብሳቢው ቶሎ የሚያልቀውን ፎርማት እንዳልመርጥ ከለከለኝ። ቶሎ ያለቀ ሥራ ሲገመገም አያምርም አለ። እናም አምስት አዋቂዎች አንዲት አረንጓዴ መስመር ስትንፏቀቅ ፈጥጠን ዋልን። የመጀመሪያው ክፍል አልቆ ሁለተኛው ሲጋመስ መብራት ጠፋ። ጎረቤት ጄኔሬተር ነበራቸውና ገመድ ስበን ልንቀጥል ስንል ሰብሳቢው እጁን አነሳ።

«ከመጀመሪያው ይጀመር። አንዱ በመብራት፣ ሌላው በጄኔሬተር መሆን የለበትም።»

ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ንዴቴ መጣ፣ ከዚያ ጀመርኩ። የመቲው መምህር አጠገቤ ተቀምጦ የጫካውን ወረቀቶች ጉልበቱ ላይ አድርጎ በትዕግሥት ይጠብቃል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም ሊገምት ይችላል። የአኝዋክኛውና የኑዌርኛው መጽሐፍ አብዛኛው ጽሑፍ ስለነበር ድርሻቸው ውስጥ ጥግ ይዘው ተቀመጡ። የመዠንግርኛው ድርሻ ግን የጫካው ትምህርቶች ጋ ሳይደርስ ሞላ። ሰብሳቢው ዘንድ ሄድኩ። ጉዳዩ በስብሰባ ይታያል አለኝ። ስብሰባው መቼ ነው ስለው፣ ሲጠራ። የመቲው መምህር ደግሞ ተማሪዎቹ እየጠበቁት ነው፣ የዝናቡ ወራትም ደርሷል፤ መንገዱ ከተበላሸ መመለሻ የለውም።

የኑዌርኛው አዘጋጅ ነገሩን ሲሰማ አላመነታም። «የእኔ ቤት ሰፊ ነው» አለ። «እንግዳ ይደር።» የአኝዋክኛውም እኔ ዘንድም ቦታ ሞልቷል አለ። ሰዎቹ መሀል ቅንጣት ታህል ጠብ አልነበረም፤ ይህን ሳልናገር አላልፍም። ቀሪዎቹን ትምህርቶች በኑዌርኛው ድርሻ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። የመዠንግርኛ መሆናቸውን፣ ከመጽሐፉ ጋር አብረው እንደሚታተሙ በግልጽ ጻፍኩባቸው። ኮምፒውተሬ ላይ የነበረውንም ቦታ እንዳይይዝ አጠፋሁት። የመቲው መምህር ወረቀቶቹን ጠቅልሎ፣ እየሳቀ ተሰናብቶኝ ሄደ። ለሰብሳቢውም ነገርኩት፤ ራሱን ነቀነቀ። እሺ ሲል ይሁን ዝንብ ሲያባርር አልለየሁም።

ዲስኩን ይዞ አዲስ አበባ፣ ማተሚያ ቤት የሄደው እሱ ነው። ሲመለስ በደስታ እየፈነደቀ ቤቴ መጣ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ልታስገመግሚኝ ነበር እኮ! ከመሄዴ በፊት ቢሮ ውስጥ ከፍቼ ብፈትሸው በኑዌርኛው ድርሻ ውስጥ የሌላ ተቀላቅሎ አገኘሁ። አጽድቼ ነው ያስረከብኩት።»

«አጽድተህ ማለት?»

«አጥፍቼ።»

ያቺ ጥልፍ ጨርቅ ከቢሮው ኮምፒውተር ላይ የተነሳችው ለዚህ ነው ማለት ነው! ደሜ ፈላ። ያን ቀን ያልኩትን ሁሉ እዚህ መጻፍ አልችልም። የሰው ልፋት ነው ያጠፋኸው አልኩት፣ የሕፃናት መጽሐፍ ነው አልኩት፣ አሁኑኑ ደውል አልኩት። ማተሙ ስለተጀመረ ማስቆም አይቻልም፣ በሚቀጥለው እትም ይካተታል አለ። ራሴ ስልክ ቤት ሄጄ ደወልኩ፤ ማተሚያ ቤቱ ከሰብሳቢው በቀር የማንንም ትእዛዝ አንቀበልም አለኝ። የኑዌርኛው አዘጋጅ አብሮኝ ሰብሳቢው ቢሮ ገባ።

«እንግዳዬን ማን አስወጣብኝ?» አለው።

«ድርሻህ ነው የተከበረልህ» አለ ሰብሳቢው።

«ማን አክብርልኝ አለህ?»

ስብሰባ ወዲያው ተጠራ፤ የተገመገምኩት እኔ ነኝ፣ ያለ ድልድል ቦታ በመስጠት።

መጻሕፍቱ ታትመው መጡ። የመቲው መምህር የትምህርት ቤቱን ሊወስድ፣ አጭሩ መንገድ በዝናብ ተበላሽቶበት በቴፒ ዞሮ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ደረሰ። ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጦ አንዱን መጽሐፍ ከፈተ። ሽፋኑን በመዳፉ ዳበሰ፣ ገጽ በገጽ እየገለጠ ሄደ፣ መጨረሻው ላይ ደረሰ። የኋላውን ሽፋን ገለጠ። መልሶ ገለጠው።

«ቀሪው ሌላ መጽሐፍ ነው?» አለኝ።

ሁሉንም ነገርኩት። ቢጮህ፣ ቢሳደብ ደስ ባለኝ፤ እሱ ግን እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ የነበረበትን ቦታ አሳዪኝ አለ። ዲስኩን ሰካሁና ኮምፒውተሩ የእያንዳንዱን ክፍል ይዞታ በክብ ሥዕል የሚያሳይበትን ከፈትኩለት፤ የተያዘው ሰማያዊ፣ ባዶው ሮዝ ነው። መጀመሪያ የእሱ መጣ፣ ክቡ በሙሉ ሰማያዊ። ቀጥሎ ትምህርቶቹ ያደሩበት መጣ። ሮዝ ብቻ፣ ከዳር በኩል እንደ ክር የቀጠነ ሰማያዊ።

ጣቱን ሮዙ ላይ አደረገ። «ይሄ ምንድነው?»

«ባዶ ነው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«የእኔን ሲያጠፋውም ባዶ ነበር?»

«አዎ» አልኩት።

ጣቱን አነሳና መጽሐፉን ከደነ።

«ቦታ አልነበረም ልላቸው ነበር» አለኝ። «አሁን ልጆቹን ምን ልበላቸው?»