ሜዳ መስሎኝ የወረድኩበት

ባለፈው ሳምንት የልጄን ባጃጅ ጎማ ላስለጥፍ እያንከባለልኩ አቃቂ በሰቃ ወረድኩ። በዚህ ዕድሜዬ ጎማ ሳንከባልል ያዩኝ ጎረምሶች፣ «ፋዘር፣ ነዳጅ አለቀብዎት እንዴ?» አሉኝ። «ሞተሩም የለ!» ብዬ አለፍኳቸው። ጓደኛዬ ሽኩር ጎሚስታው ካላማዳሪያውን፣ የውስጡን ላስቲክ፣ አውጥቶ ነፋና ውሃ በሞላው ግማሽ በርሜል ውስጥ ደፈቀው። ከተበሳው ቦታ አረፋው ቡልቅ፣ ቡልቅ ሲል የቆምኩበት መሬት ከዳኝ።

ነገሩ የሆነው ወጣት ሳለን ነው። መንግሥት ከተለወጠ ብዙም አልቆየም፤ ሰዓት እላፊው ተነስቶ፣ ወጣቱ ከቤት ውጭ ማደርን እንደ ሹመት የሚቆጥርበት ጊዜ ነበር። እኔ የክር ፋብሪካ ሠራተኛ፣ ሽኩር ደግሞ ከስልጤ መጥቶ አጎቱ ዘንድ ጎማ የሚለጥፍ ልጅ። አንድ ቀን አጎቱ ደጃፍ የተጣለ የከባድ መኪና ካላማዳሪያ አየሁና ጭንቅላቴ ተነፋ። ተሸክመነው ወንዙን ይዘን እንወርዳለን፣ ገጠር እናድራለን፣ ጠዋት ነፍተነው በውሃው ላይ እየተንሳፈፍን አባ ሳሙኤል ግድብ እንገባለን!

«ዋና ትችላለህ?» አለኝ ሽኩር።

«እኔ? ዓሣ በለኝ!»

ዋና የተማርኩት በእናቴ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ መሆኑን አልነገርኩትም።

መስቀል እንዳለፈ ተነሳን። ሽኩር ካላማዳሪያውን አጣጥፎ አዘለ። እኔ የእግር ፓምፑንና ስንቁን፣ ማለትም ዳቦ ቆሎና አክስቱ የቋጠሩልንን ቆጮ ያዝኩ፤ ስንቅ እየቀለለ እንደሚሄድ ቀድሜ አስቤበታለሁ። ከከተማው በታች ያለው ጥቁር አፈር ገና አልጠጠረም። በየእርምጃው ጫማችን ሥር እየተደረበ ቁመት ጨመረልን። እኔ አልከፋኝም፤ አጭር ነኝ።

ሲመሽ ኦቦ ቱሉ የሚባሉ ገበሬ ደጃፍ ደረስን። ሸክማችንን አገላብጠው አዩና፣ «ጎማው መጥቷል፤ መኪናው የት ቀረ?» አሉን። እርጎ አጠጥተው ከጭድ ክምሩ ሥር አስተኙን። ዛሬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ፍራሽ ላይ ስገላበጥ የምመኘው ያን ጭድ ነው።

ጠዋት ካላማዳሪያውን ነፍተን፣ ከኦቦ ቱሉ የለመንነውን ሳንቃ በገመድ አስረንበት ወንዙ ላይ ጣልነው። ተንሳፈፈ! እግራችንን ውሃ ውስጥ ነክረን፣ ቆጮ እየገመጥን፣ እንደ ባላባት ወረድን። ሁለቱም ዳር አደይ አበባ ነው። ከዚያ ወንዙ ሰፋና ከፊታችን ለጥ ያለ አረንጓዴ ሜዳ መጣ። ሐምራዊ አበባ አለበት፤ ነጫጭ ወፎችም ቆመውበታል።

«እዚህ ወርደን እንረፍ» አልኩ።

«ቆይ እስቲ፣ መሬቱ ይችላል?»

«ወፍ የቆመበት እኔን ይከለክለኛል?»

ወፏ ስንት ኪሎ እንደሆነች ሳልጠይቅ ወረድኩ።

መሬት አልነበረም። ዛሬ እምቦጭ የሚሉት፣ ያኔ ስሙን የማናውቀው፣ በውሃ ላይ የተነጠፈ ቅጠል ነበር። ሳልጮህ ገባሁ፤ ቅጠሉም ከላዬ እንደ በር ገጠመ። እጄን ወደ ላይ ስሰድ ሥሩ እንደ ጸጉር ተጠመጠመብኝ። ያ ጉረኛው ዓሣ አንድም ነገር አላስታወሰም። ድንጋጤው ሞት ስለመጣ ብቻ አይመስለኝም፤ በዚያ ፀሐያማ ጠዋት፣ የጎረስኩትን ቆጮ እንኳ ሳልውጥ መምጣቱ ነው።

ከዚያ አንድ እጅ ኮሌታዬን ያዘ።

ሳንቃው ላይ ተዘርግቼ ወንዙን ከተፋሁ በኋላ፣ «እንዴት አገኘኸኝ? ቅጠሉ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው» አልኩት።

«አረፋ አየሁ» አለኝ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። «የሚያስተነፍሰውን ቦታ መፈለግ ነው እንጂ ሌላ ምን አውቃለሁ?»

እግሩን ከሳንቃው ገመድ ጋር አቆላልፎ፣ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ተደፍቶ ነው ያወጣኝ። እሱ ዋና ጨርሶ አይችልም ነበር።

ይህን ታሪክ በየሠርጉና በየማኅበሩ ተርኬ ሰው አስቄበታለሁ። አረፋውን በከንፈሬ እያስመሰልኩ ጭምር። ባለፈው ሳምንት ግን በርሜሉ አጠገብ ስንቆም፣ አስቤው የማላውቀው ጥያቄ አፌ ላይ መጣ።

«ሽኩር፣ አረፋው ባይታይህስ ኖሮ?»

የተበሳውን ቦታ በአውራ ጣቱ ተጫነው። አረፋውም ቆመ።

«እጄን ስሰድ'ኮ ቆሞ ነበር» አለኝ። «አንዴ አይቼ፣ ቦታው እንዳይጠፋኝ ዓይኔን ሳልነቅል ነው የገባሁት። ላንተ አልነገርኩህም። አንተ እየሳቅክ ታወራዋለህ፤ ምን ብዬ ላበላሽብህ?»

ለካ ያን ሁሉ ዘመን የሳቅሁበት ታሪክ ግማሹ እሱ ሆድ ውስጥ ነበር። እሱ ካላማዳሪያውን ለጥፎ፣ ጎማውን ገጥሞ ሰጠኝ።

ስመለስ ጎረምሶቹ፣ «ፋዘር፣ ሞላ?» አሉኝ። ለጥ ባለው አስፋልት ላይ፣ ከመርገጤ በፊት በጫማዬ ጫፍ ነካ ነካ እያደረግሁ ተሻገርኩ።