ሠላሳ ዋት ለአንድ ጆሮ

በወጣትነቴ ዋት የሚባለውን ነገር ላመልከው ምንም አልቀረኝም። ሆሳዕና ሂሳብ አስተምር ነበር። አንድ ቀን የርዕሰ መምህሩን የእጅ ባትሪ ስለጠገንኩ ብቻ የትምህርት ቤቱ ሬዲዮ ኃላፊ ተደረግሁ። በዚያ ዘመን ሹመት ከዚህም ባነሰ ነገር ይገኝ ነበር። እኔም ሹመቱን አምኜ ራሴን መሐንዲስ አደረግሁ። ዋቱ የበዛ ጎበዝ፣ ዋቱ ያነሰ ሰነፍ፤ እውቀቴ በሙሉ ይኸው ነበር።

ከከተማው ወጣ ብሎ ሌሞ ገጠር የሚኖረው አባቴ ጆሮው ከዓመት ዓመት እየደከመ ሄዷል። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ጦር ግንባር ነው። ዓመት ሙሉ ወሬው ጠፍቶ ከረመና አንድ የቆሰለ ወታደር ድምፁ የተቀዳበትን ካሴት ይዞልን መጣ። በእኔ ቴፕ ከፈትነው። እናቴ ገና «ጤና ይስጥልኝ» ሲል ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። አባቴ ቴፑን ሲያየው ቆይቶ «ጀመረ እንዴ?» አለ።

ንግግሩ ሲያልቅ ዘጋሁትና ምን እንዳለ በጆሮው እየጮህኩ ልነግረው ሞከርኩ። እጄን ገፋው። «የአንተን ድምፅማ አውቀዋለሁ። የእሱን ሳልሰማ ብሞት አፈሩ አይቀለኝም» አለ።

የገበሬ ማኅበሩ በመኪና ባትሪ የሚሠራ ሠላሳ ዋት አምፕሊፋየር ነበረው፤ ድምፁ የሚወጣው ከቆርቆሮ ጡሩምባ ነው። ሊቀመንበሩን ለመንኩት። «ለዘማች ቤተሰብ? ጓድ መምህር፣ ይሄማ ግዴታችን ነው!» አለና ዕቃውን በጋሪ አስጭኖ ራሱም አብሮ መጣ። ሊቀመንበር የመጣበት ቤት ጎረቤት አይቀርምና ግቢያችን ጢም አለ። አባቴን ጡሩምባው ፊት በርጩማ ላይ አስቀመጥኩና ድምፁን እስከ ጥግ ከፈትኩት።

ወንድሜ በአማርኛ ጮኸ። ጠላትን እንደሚደመስስ፣ አብዮቱን በደሙ እንደሚጠብቅ ሳይተነፍስ ወረደው። የፖለቲካ ኃላፊው ፊቱ ቆሞ እንደሚያስቀዳው ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ዶሮዎቹ አጥር ዘለሉ፤ የጋሪው ፈረስም ባለቤቱን ጥሎ ወደ ከተማ ተመለሰ። ፉከራው ሲያልቅ ሊቀመንበሩ ብድግ ብሎ አጨበጨበ፣ እኔም ዘጋሁት። አባቴን በእጅ ምልክት ሰማህ ወይ አልኩት።

«አንድ ሰውዬ ይጮሃል» አለ። «የእኔ ልጅ አይጮህም።»

በማግስቱ ሆሳዕና ገበያው አጠገብ ሳሙናና ክብሪት እየቸረቸረ ሬዲዮ ለሚጠግን ጉራጌ ወዳጄ ሁሉንም ነገርኩት። ስልሳ ዋት ባገኝ ይሰማ ነበር አልኩት። ከት ብሎ ሳቀብኝ።

«አንተ መምህር፣ ጆሮ እንደ አንተ ሂሳብ አይቆጥርም» አለኝ። «ዋቱን እጥፍ ብታደርገው ጆሮ ትንሽ ከፍ አለ ይላል እንጂ እጥፍ ሆነ አይልም። እጥፍ እንዲመስለው አሥር እጥፍ ጉልበት ትፈልጋለህ። ሦስት መቶ ዋት ከየት ታመጣለህ? ደግሞ እስከ ጥግ ስትከፍተው ድምፁ ይቀደዳል። አባትህ የሰሙት የተቀደደውን ነው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ሠላሳው ዋት የተሠራው ለሜዳ ነው። ጆሮ ላይ ለተለጠፈ ነገር የአንድ ዋት ሺኛው እጅ ሲበዛ ነው።»

ከተሰበረ የኪስ ሬዲዮ ማጉያውን ፈልቅቆ በፕላስቲክ የሳሙና ዕቃ ውስጥ አስቀመጠው። ሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ገጠመለት። ስልከኞች የሚያጠልቁት ዓይነት አሮጌ ሄድፎንም ቀጠለበት። እኔ፣ የሠላሳ ዋቱ ሰው፣ ያንን የሳሙና ዕቃ በኮቴ ኪስ ይዤ ወደ ሌሞ ስሄድ ሰው እንዳያየኝ አፍሬ ነበር።

አባቴ ጓዳ ተቀምጦ ሄድፎኑን አጠለቀ። ቴፑን ስከፍተው ፊቱን አጨማደደና «ቀንስለት፣ ይጮሃል» አለ። ከዓመታት በኋላ አባቴ ስለ ጩኸት ሲያማርር ሰማሁት። ፉከራው አለቀ፤ ልዘጋው እጄን ስሰድ አንጓዬን ጨምድዶ ያዘኝ። የሄድፎኑን አንድ ጆሮ አውልቆ ለእኔ ሰጠኝ።

ወንድሜ በሹክሹክታ ነበር፣ በሀዲይኛ። ኃላፊው ወጥቶ ቴፑ ሳይዘጋ ቀርቶ መሆን አለበት። «አባባ፣ ፈርቻለሁ። በል ያሉኝን ነው ያልኩት። አብረውኝ የሄዱት አልቀዋል። ጸልይልኝ።» ከዚያ በኋላ ሽው የሚል ባዶ ድምፅ ብቻ ነው።

አባቴ ሦስት ጊዜ አስመለሰኝ። በሦስተኛው ላይ ሊቀመንበሩ ከደጅ ተጣራ። በሳምንቱ ለአዲስ ዘማቾች ሽኝት አለና ካሴቱ ለሕዝብ ይሰማል፤ ሊወስደው ነው የመጣው። እምቢ ማለት የማይታሰብ ነው። ሹክሹክታው ቢሰማ ደግሞ ወንድሜ አለቀለት። ደግነቱ እናቴ ለበዓል ከቡላ፣ ከቅቤና ከወተት አተካና ሠርታ ነበርና አቀረበችለት። አተካና የቀረበለት ሊቀመንበር ደግሞ ቶሎ አይነሳም።

አባቴ አየኝ፣ ካሴቱንም አየ። «አጥፋው» አለ።

እንግዳውን ብቻውን መተው ነውር ነው፣ ያስጠረጥራልም። ስለዚህ ካሴቱን ሹክሹክታው ከሚጀምርበት ላይ አቆምኩና መቅጃውን ለአባቴ አሳየሁት። ይህን ስትጫን የነበረው ይጠፋል፤ ቴፑ የራሱ ማይክ ስላለው ዝም ብለህ እስከ ሁለት መቶ ቁጠር፣ ከዚያ ዝጋው ብዬ በምልክትና በከንፈር አስረዳሁት። ወጥቼ ግቢው ጥግ ከሊቀመንበሩ ጋር እየበላሁ ስለ ማዳበሪያ አወራሁ። አባቴ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል፤ ካሴቱን በሁለት እጁ አቀረበለት። ሊቀመንበሩ ኪሱ ከተተው። የሬዲዮ ኃላፊው እኔ ሰምቼ አላጣራሁትም።

በሽኝቱ ቀን ማሽኑን የማዞረው እኔው ነኝ። ዘማቾቹ ተሰልፈዋል፤ እናቶቻቸው ከኋላ ናቸው። አባቴ በክብር እንግዳ ወንበር ተቀምጧል። ወንድሜ ፎከረ፣ ሰዉ በታዘዘው መሠረት አጨበጨበ። ልዘጋው ስል ሊቀመንበሩ «ተወው፣ ይቀጥላል!» ብሎ ከለከለኝ።

ጥቂት ሽው አለና የሽማግሌ ልቅሶ ሜዳውን ሞላው። «ልጄን፣ ልጄን» እያለ፣ ሳይቸኩል፣ ብቻውን እንዳለ ሰው። አባቴ ለራሱ ድምፅም ደንቆሮ ነበርና ዝም ብሎ የቆጠረ መስሎታል። እጄ ማጥፊያው ላይ ደረቀ። ሊቀመንበሩ «የደስታ እንባ ነው ጓዶች! የደስታ!» እያለ ይጮሃል፤ ሠላሳው ዋት ግን በልጦት እናቶቹ አንድ በአንድ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

አባቴ ዞር ዞር ብሎ ሁሉን አየና እጅጌዬን ሳበኝ።

«ምነው፣ ማን ሞተ?» አለኝ።