ለነጻ ፕሮግራም ክራክ ሲፈለግ

ሰነፍም ጉረኛም አይቻለሁ፤ በነጻ ለሚታደል ፕሮግራም ክራክ የሚፈልግ ሰው ግን ያየሁት እዚህ ሀርጌሳ ነው። ክራክ እንግዲህ የሚሸጥን ፕሮግራም ሳይከፈልበት ሰብሮ የሚከፍት ነገር ነው። ሰውየው አለቃዬ ነበር። ጋአን ሊባህ ሰፈር ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ ቤት አለው። እንደኔው ድሬዳዋ ስላደገ በአማርኛ ነው የምናወራው፤ በዕድሜ ቢበልጠኝም በድሬ ልማድ አንተ እለዋለሁ። የወንዶቹን ድግስ እሱ ይቀርጻል። ሂጃብ ወልቆ የሚጨፈርበትን የሴቶቹን ድግስ የምቀርጸውም የማቀናብረውም እኔ ሴቷ ነኝ፤ እሱ እንኳን አያየውም። ሙሽሮቹ ቅጂ እንዳላበዛ ስለሚያስምሉኝም ከአንድ ዲስክ በቀር የትም አላስቀምጠውም።

ኮምፒውተሩ በተሰረቀ ዊንዶውስ፣ በቫይረስ ሲታመስ ኖሮ አለቃዬን ለምኜ ለምኜ በዊንዶውሱ ፋንታ ነጻውን ሊኑክስ ጫንኩበት። የቀረው የቪዲዮ ማቀናበሪያው ነበር። ምን ይከብዳል! የሊኑክሱን የራሱን የፕሮግራም መደብር ትከፍታለህ፣ ስሙን ትፈልጋለህ፣ ጫን ትላለህ፤ አለቀ። እዚያ ያለው አሮጌ ከሆነብህ ደግሞ የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንድ ጥቅል ይዞ የሚመጣውን ከሠሪዎቹ ገጽ ታወርዳለህ። ይህን ቁጭ ብዬ አስረዳሁት።

«ክራኩስ?» አለኝ።

«ነጻ ነው እኮ! ምኑን ነው የምትሰብረው?»

ሳቀብኝ። «ክራክ የሌለው የልጆች መጫወቻ ነው። ባለሙያ የሚሠራበት ሙሉው ሌላ ነው።»

አቦ፣ ይሄ ሰው እኮ በሰፈሩ ኢንጂነር ይባላል!

ከሰዓት በኋላ እኔ ለቀረጻ ስወጣ ተቀመጠና «ሙሉው ከነክራኩ» የሚል ገጽ ፈልጎ አገኘ። ያወረደው ነገር የኮምፒውተሩን የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ጠየቀው፤ እሱም ሰጠ። ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ የቤቱን በር የሚከፍት ሰው እንኳን ቢያንስ በመስኮት ያያል። ስመለስ ያ ያወረደው ነገር ኮምፒውተሩ ላይ የተሰካውን የሰርጎቹን ዲስክ ጠራርጎ ባዶ አድርጎታል። እሱ ደግሞ ኬብሉን እየነቀነቀ፣ «ትንሽ ሲስተም ፕሮብሌም ነው» ይለኛል። ስድብ አፌ ላይ መጥቶ ነበር።

ዲስኩ ላይ የአንዲት የዳሚ ሰፈር ሙሽራ ሰርግ ነበር። ጅግጅጋ ያደገች፣ አማርኛዋ ከኔ የሚጥም ልጅ ናት። እናቷ ከሰርጉ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ፎቶ መነሳት አይወዱም ነበር፤ ሲስቁ፣ ሲጨፍሩ የሚታዩት እዚያ ቪዲዮ ላይ ብቻ ነው። ለቅሶው ካለፈ በኋላ ልትወስደው መጣች።

«አፕዴት እያደረግን ነው፣ ኢንሻአላህ ነገ ነይ» አላት ያ ጉደኛ።

አልቻልኩም። ወደ ውስጥ አስገብቼ እውነቱን ነገርኳት። ፊቷ ሲገረጣ አየሁ።

«ጨርሶ የለም?»

«የተሰረዘ የሚያወጡ ሰዎች ከተማ ውስጥ አሉ፤ ተስፋ አለው። ግን ሲያወጡት እየከፈቱ ማየታቸው አይቀርም።»

«ሴት አለች?»

«እኔ ሞክሬ አቃተኝ። የማውቃቸው ሁሉ ወንዶች ናቸው።»

«እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ለባዕድ ወንድ ፀጉሯን አላሳየችም» አለች። «አሁን እምቢ ማለት ስለማትችል ላሳይባት?»

ዲስኩን ስጪኝ አለች፤ ሰጠኋት። በሁለት እጇ ይዛ አገላብጣ አየችው።

«እዚህ ውስጥ ናት?»

«አዎ፣ እህቴ።»

በሻርፗ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። ባጃጅ እስክታገኝ አብሬያት በር ላይ ቆምኩ።

ስመለስ አለቃዬ ወንበሩ ላይ ተለጥጦ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ሳትጮህ ሄደች» አለኝ።

ወላሂ፣ ሰው እንደዚያን ቀን ንቄ አላውቅም።