ጓደኛዬ ሸኮኛ እንደሚችል ዛሬ አወቅሁ

አሥራ ሁለት ዓመት የማውቀው ጓደኛዬ ተስፋዬ ዛሬ ከመኪና ወርዶ አንዲት እናትን በሸኮኛ ሲያናግር አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ከሚዛን ወደ ቴፒ ቀስ እያልን እየተጓዝን ነበር። ጥቅምት ነው፤ ዝናቡ አባርቷል፣ ቡናው ቀልቷል፣ የሚያስቸኩለን ነገር የለም። (መኪናዬም ብትሆን ለመቸኮል አቅሙ የላትም።)

ሸኮን አለፍ እንዳልን "አቁም!" ብሎ ጮኸ። ጎማ የፈነዳ መስሎኝ ደነገጥኩ።

አንዲት እናት ደጃፋቸው ላይ ቡና እያሰጡ ነበር። ቀርቦ አንድ ነገር አላቸው። ትክ ብለው አዩትና ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ማልቀስ ጀመሩ። እሱም አለቀሰ።

"ማን ናቸው?" አልኩት በኋላ።

"ያጠቡኝ እናቴ።"

አባቱ እዚህ መምህር ሳሉ እናቱ እሱን ወልደው በጠና ታመሙ። እኚህ ጎረቤት ከራሳቸው ልጅ ጋር አጥብተው አተረፉት። ቤተሰቡ ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር ገና ሰባት ዓመቱ ነበር። "ሞተዋል እንዳልባል ፈርቼ ነው እስከ ዛሬ ያልመጣሁት" አለኝ። ለካ "እንዲያው እንንሸራሸር" ያለኝ ለዚህ ኖሯል!

"መጀመሪያ ምን አልካቸው?"

"ቋንቋው ጠፋብኝ። የመጣልኝ 'እማዬ፣ ራበኝ' የሚለው ብቻ ነው።"

እሳቸውም ወዲያው ጎደሬ ሊቀቅሉ ገቡ። "ዛሬ መሄድ የለም" ብለውናል።

እናንተስ? ለዓመታት አውቀዋለሁ ያላችሁት ሰው እንዲህ አስደንቋችሁ ያውቃል? እስኪ አጫውቱኝ።