ዱዓ አድርጉላት

ከነቢዩ በኋላ ሙስሊሞችን የመሩትን የመጀመሪያዎቹን ኸሊፋዎች ታሪክ ያስተማረኝ ሰው ዛሬ መንገድ ላይ ካገኘኝ ሰላምታ ያቀርብልኛል፤ እኔም መመለስ ግዴታ ስለሆነ እመልሳለሁ። ከዚያ ያለፈ ነገር የለንም።

ስሙን አልጠራም። ሁላችንም ኡስታዝ እንለው ነበር፤ በዕድሜ ግን እኩያዬ ነው። እሱም እኔም አትላንታ የመጣነው በዲቪ ነው። በሳምንቱ መሐል የኤርፖርት መንገደኞችን በቫን ያመላልሳል፤ እሁድ እሁድ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ያስተምራል። መስጂዳችን አቮንዴል እስቴትስ አጠገብ ድሮ ምንጣፍ ይሸጥበት የነበረ ሱቅ ነው። ወንዶቹ ሰፊው አዳራሽ ውስጥ፣ እኛ ሴቶቹ ደግሞ ከግድግዳው ጀርባ ባለችው ክፍል ሆነን በስፒከር እናዳምጠዋለን። ጥያቄ ያላት ሴት በስልኳ ቴክስት ታደርግለታለች፤ እሱ ለሁሉም አንብቦ ይመልሳል።

የማስተማር ጸጋ ነበረው፤ ይህን ማንም ሊወስድበት አይችልም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባረፉ ዕለት መዲና ምን እንደመሰለች ሲተርክ ትናንት የሆነ ነገር ይመስል ነበር። ሰው እንባውን ሳይጠርግ «ማን ይምራን?» የሚለው ክርክር እንዴት እንደተነሳ፣ የመጀመሪያው ኸሊፋ ሕዝቡ ፊት ቆሞ «ከሁላችሁ የተሻልኩ ሆኜ አይደለም የተሾምኩት፤ ካጠፋሁ አቅኑኝ» የሚል ቃል እንዴት እንደተናገረ ሲያወራ ድምፁ ይሰበራል። እኔ ያደግኩት የቀበሌ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር የአባቴ ፊት በሚጠቁርበት ቤት ነው። መሪ ማለት ለእኔ የሚፈራ፣ ሲያልፍ ዝቅ የሚባልለት ነገር ነበር። ካጠፋሁ አቅኑኝ የሚል መሪ በእኔው ሃይማኖት ውስጥ ኖሮ እስከዚያ ዕድሜዬ አለማወቄ አስደነገጠኝ።

አንድ እሁድ ሁለተኛው ኸሊፋ ባል ለሚስቱ የሚሰጠውን መህር ሊወስን ሲነሳ አንዲት ሴት እዚያው መስጂድ ውስጥ እንደተቃወመችው አስተማረን። ያ ሁሉ ጦር የሚንቀጠቀጥለት ሰው «ሴትዮዋ ልክ ናት፤ እኔ ተሳስቻለሁ» አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ያው ኸሊፋ ሊሞት ሲያጣጥር ተተኪውን እንዲመርጡ ስድስት ሰዎችን እንደሰየመ፣ የገዛ ልጁን ግን ሐሳብ እንዲሰጥ እንጂ እንዳይመረጥ እንዳገደው ነገረን። ከስድስቱ አንዱ እጩነቱን ትቶ ሕዝቡን ማማከር ጀመረ። ሴቶችን ሳይቀር በየቤታቸው ጠየቀ።

«በየቤታቸው!» አለ ኡስታዝ በስፒከሩ። «እኛ ግን እህቶቻችንን ከግድግዳ ጀርባ አስቀምጠን ምን እንደሚያስቡ እንኳ አናውቅም።»

በክፍላችን ያለነው ሴቶች እርስ በርስ ተያየን። አንዷ በቀስታ «ወላሂ ስለ እኛ ነው የሚያወራው» አለች።

ያን ጊዜ ትዳሬ ፈርሶ ነበር። ኡስታዝና ሚስቱ በሽምግልና ገብተው ብዙ ደክመዋል፤ አልሆነም። ሚስቱ ጓደኛዬ ነበረች። ባሌ ከወጣ በኋላ ለብቻዬ እንዳልውል እያለች ሎረንስቪል ወዳለው ቤታቸው ትወስደኝ ነበር። አንድ ቀን እዚያ ኩሽና ውስጥ ሦስታችን ተቀምጠን ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳቸው። በጭንቀት ሕመም ሆስፒታል ተኝቼ ነበር፤ አሁንም በየቀኑ መድኃኒት እወስዳለሁ። በእኛ ሰው ዘንድ እንዲህ ያለው ነገር ምን ተብሎ እንደሚተረጎም የሚያውቅ ያውቀዋል። ኡስታዝ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«እህቴ፣ ይሄ አማና ነው። ከዚህ ቤት አይወጣም» አለኝ።

አመንኩት። ደግሞም ቀለለኝ።

ከዚያ መስጂዱን ከተመሠረተ ጀምሮ የመሩት ሽማግሌ ታመሙና አዲስ ሊቀመንበር ይመረጥ ተባለ። ኡስታዝ ከሚስቱ ጋር ሊቶኒያ፣ እኔ ቤት መጣ።

«ሴቶቹን የምታውቂያቸው አንቺ ነሽ» አለኝ። «እኔ ሹራውን፣ የምንመካከርበትን ኮሚቴ፣ እንደገና ማቋቋም ነው የምፈልገው። ሁለት ሴቶች ይገባሉ፤ አንዷ አንቺ ነሽ። ለእናንተም ክፍል ማይክ እናስገባለን፤ ቴክስት ማድረግ ይቅር። ያስተማርኩትን በሥራ ላሳይ።»

«ሰው ይቃወምሃል» አልኩት።

«ይቃወመኝ። መሪ መሆን ምኑ ላይ ነው ታዲያ?»

እኔ ነርሲንግ ሆም ነው የምሠራው። ከሺፍት እንደወጣሁ ዩኒፎርሜን ሳልቀይር በየሴቱ ቤት ዞርኩ። ሎረንስቪል፣ ስቶን ማውንቴን፣ እዚሁ ሊቶኒያ፤ አንዱ ሳብዲቪዥን ከሌላው ስለሚመሳሰል የማላውቀው ቤት ደጃፍ ፓርክ አድርጌ ያንኳኳሁበትም ቀን አለ። ሰፈሬ ውስጥ ካሉት እናቶች ለአንዷ፣ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፣ ለምን እንደመጣሁ ስነግራቸው ሳቁ።

«ልጄ፣ እዚህ አገር ከመጣሁ ሐሳቤን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ጨው አነሰው ወይ ብለው ብቻ ነው የሚጠይቁኝ።»

«አሁን እየጠየቅኩዎት ነው» አልኳቸው።

«እንግዲያው የአንቺ ሰው ይሁን። አንቺ ካመንሽው እኔ ምን ቸገረኝ።»

ሁሉም እንደዚያ ነው ያሉኝ፤ አንቺ ካመንሽው። በምርጫው ቀን ሴቶቹ ከዚያ በፊት ታይተው በማያውቁበት ብዛት መጡ። ኡስታዝ አሸነፈ። በስፒከሩ አላህን አመስግኖ እህቶቹንም አመሰገነ፤ እኛም ክፍል ውስጥ እልል አልን።

አዲሱ ሹራ ይፋ የሆነው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ነው። የሰዎቹ ስም በስፒከር ሲነበብ አብሬ አዳመጥኩ። ሁሉም ወንዶች ናቸው። ምክትሉ የሚስቱ ወንድም ነው። ሴቶቹ ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔም «ዝርዝሩ ይቀጥላል መሰለኝ» አልኳቸው። አልቀጠለም።

ስደውልለት «ታገሺ፣ አሁን ጊዜው አይደለም። ታላላቆቹ ደስ አላላቸውም» አለኝ።

«ይቃወሙኝ ብለህ አልነበረም?»

«አየሽ፣ ሲገቡበት ሌላ ነው» አለና መንገደኛ እየጠበቀኝ ነው ብሎ ዘጋው።

በሚቀጥለው እሁድ የጀማዓው፣ ማለትም የመስጂዱ ሰው ሁሉ፣ ስብሰባ ነበር። ቴክስት አደረግኩለት። የሌሎቹን ጥያቄ እያነበበ መለሰ፤ የእኔን ዘለለው። ደግሜ ላክሁ፤ ደግሞ ዘለለው። ተነሣሁ። ከክፍላችን ወጥቼ በውጭ በኩል ዞሬ የወንዶቹ አዳራሽ በር ላይ ቆምኩ።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አልኩ። «ኡስታዝ፣ ጥያቄዬን ስላላነበብከው ራሴ ልጠይቅ ብዬ ነው። ሁለት ሴቶች ሹራ ውስጥ ይገባሉ ብለኸን ነበር። እኔ በየቤቱ እየዞርኩ ያንተን ቃል ነው ለሰው የሰጠሁት። ምን ሆነ?»

ወንዶቹ ፈንጠር ፈንጠር ብለው እንደተቀመጡ አንዳንዱ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ኡስታዝ ማይኩን እንደያዘ ትንሽ አየኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ኖሮ እንዴት በተሻለ! በዚያ የእሁድ ደርሱን በሚሰጥበት ለስላሳ ድምፁ ነው የተናገረው።

«ወንድሞቼ፣ እህታችንን አትቀየሟት። ትዳሯ ፈርሶ በጣም ተጎድታለች። ሆስፒታልም ተኝታ ነበር፤ አሁንም የጭንቀት መድኃኒት ላይ ናት። ሕመም ነው እንጂ ክፋት አይደለም። ዱዓ አድርጉላት። አላህ ሙሉ ጤናዋን ይመልስላት።»

«አሚን» አለ አዳራሹ በሙሉ።

ከግድግዳው ጀርባም፣ ስፒከሩን ይሰሙ የነበሩት ሴቶች «አሚን» ሲሉ ሰማሁ።

እንዴት መኪናዬ ውስጥ እንደገባሁ አላስታውስም። የማስታውሰው መሪውን ይዤ ሞተሩን ሳላስነሳ መቀመጤን ነው። አላለቀስኩም። የመስጂዱን በር ነበር የማየው፤ ማን ተከትሎኝ ይወጣል ብዬ። ሚስቱ ትወጣለች ብዬ ነበር። ኩሽናው ውስጥ አብራን ነበረች፤ አማና ነው ሲለኝ ሰምታለች። ማንም አልወጣም።

በቀጣዮቹ ቀናት ሰው ሁሉ ደግ ሆነብኝ። ይህን ለማስረዳት ይቸግረኛል። አንዷ እንዲሻልሽ ቁርኣን ይቀራብሽ ብላ ደወለች። ሌላዋ ከመካ የመጣ የዘምዘም ውሃ ላከችልኝ። ትምህርት ቤት አደርስላት የነበረችው ሕፃን እናት «አንቺን ላስቸግርሽ አልፈልግም፣ ዕረፍት ያስፈልግሻል» ብላ ልጇን ከሌላ ሰው ጋር መላክ ጀመረች። ያነሣሁትን ጥያቄ ያነሣ አንድም ሰው አልነበረም። ጥያቄው ጠፍቶ በሽታዬ ብቻ ቀረ። ኡስታዝ ይህንን አውቆ እንዳደረገው የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ቢሰድበኝ ኖሮ የሚከራከርልኝ ይኖር ነበር። ለተዘነለት ሰው ግን ማን ይከራከራል?

አንድ ከሰዓት በኋላ እኚያ አሮጊት እናት በራቸውን ዘግተው በእግራቸው ቤቴ መጡ።

«እኔም አሚን ብያለሁ» አሉ ገና እንደተቀመጡ። «ዱዓ ሲባል አፌ ቀደመኝ። በኋላ ነው የተባለውን ልብ ያልኩት። አውፍ በይኝ።»

«ምንም አይደለም እማማ።»

«ምንም አይደለምማ አትበይ፤ ነው።» ነጠላቸውን አስተካከሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የምትውጪው ኪኒን ስሙ ማን ነው? እኔ ትልቁ ልጄ ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል አላውቅም። ደረቴ ላይ ድንጋይ የተጫነ ይመስለኛል። ለሐኪም ምን ብዬ እንደምነግር አላውቅም።»

እኔ ሐኪም እንዳልሆንኩ፣ መድኃኒቱም በሐኪም የሚታዘዝ እንደሆነ ነገርኳቸው፤ ቀጠሮ ይዤ ወሰድኳቸው፤ አስተረጎምኩላቸው። ከመኪናው ስንወርድ እጄን ይዘው ነበር። ከዚያ ወዲህ የሄድኩበት ሁሉ ይከተሉኛል።

ኡስታዝ ሲያስተምረው የነበረውን ታሪክ በራሴ ማንበብ ጀመርኩ። ለካ እሱ ሁልጊዜ ጥሩው ቦታ ላይ ሲደርስ ነበር የሚያቆመው። የሦስተኛውን ኸሊፋ መጨረሻ አልነገረንም። በገዛ ቤቱ ተከብቦ፣ ቁርኣን እያነበበ ሳለ ገደሉት። ከዚያም በኋላ ቃል ኪዳን የተገባቡ ሰዎች፣ አንድ ላይ የሰገዱ ሰዎች፣ ሰይፍ ተማዘዙ። ይህን ያነበብኩት በሥራ ቦታ ዕረፍቴ ላይ ነበር። መኪናው ውስጥ ያልመጣው እንባ ምሳዬ ላይ መጣ። አብራኝ የምትሠራ ጃማይካዊት «ዘመድ ሞተብሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? አዎ አልኳት።

እሱ ራሱ የመጣው ወራት ካለፉ በኋላ ነው። ከሥራ ስወጣ ፓርኪንጉ ውስጥ ቫኑን አቁሞ ጠበቀኝ። ከስቶ ነበር።

«ጠፋሽ እኮ» አለኝ።

«የት እንዳለሁ አላጣኸውም።»

«እኔ ላዋርድሽ ብዬ አይደለም። ጀማዓው ለሁለት ሊከፈል ነበር። ታላላቆቹ ሴት ከገባች እንወጣለን ብለው ነበር። አንድነቱን ለማቆየት ነው።»

«ይሄን ለእኔ ነግረኸኝ ቢሆን እኮ እረዳህ ነበር። ምክር ስጪኝ ብትለኝ እሰጥህ ነበር። አንተ ግን እብድ አደረግኸኝ።»

«እብድ አላልኩም! ዱዓ ነው ያስደረግኩልሽ።»

«ሁለተኛው ኸሊፋ ያችን ሴት ታማለች፣ ዱዓ አድርጉላት አላት?»

ቫኑን ተደግፎ ቆመ። «እኔ እሱን አይደለሁም» አለኝ።

«እሱንማ አወቅኩ» አልኩት።

እንድመለስ ለመነኝ። የምመለሰው በዚያው ማይክ፣ በዚያው ሰው ፊት፣ አማና አፍርሻለሁ ካለ ብቻ እንደሆነ ነገርኩት። «ሰው እኮ ረስቶታል፤ ለምን እንቀሰቅሰዋለን?» አለ። መኪናዬን ከፍቼ ገባሁ። አልጮኽኩም፤ በሩንም በኃይል አልዘጋሁም። ያን ቀን የተረዳሁት እሱ የሚያስተምረውን ነገር ከልቡ እንደሚወደው ነው። ሲያለቅስም የእውነቱን ነበር። ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ፤ አስመሳይ ቢሆን ኖሮ ንቄው በተውኩት።

እሱ አሁንም ሊቀመንበር ነው። ጀማዓው አድጎ ሰፊ ሕንፃ ይዟል፤ የሴቶቹ ክፍልም ስክሪን ገብቶለታል ይባላል። ማይክ ስለመግባቱ የነገረኝ የለም። እኔ ሌላ መስጂድ ነው የምሰግደው። እሁድ እሁድ ግን ጥቂት ሴቶች ሳሎኔ ውስጥ እንሰበሰብና ታሪኩን ጮክ ብለን እናነባለን፤ ደስ የሚለውንም የሚያሳዝነውንም ሳንዘልል። አስተማሪ የለንም፤ ያልገባንን ለሚያውቁ ሰዎች ደውለን እንጠይቃለን።

በቅርቡ የኡስታዝ ሚስት ሳትደውል መጣች። በሩን ስከፍት «ልግባ?» አለችኝ። ግቢ አልኳት። ስለ እሱ አልጠየቅኋትም፣ እሷም አላነሳችም፤ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዝምታዋን ይቅር እንዳልኳት ወይም እንዳላልኳት ያን ሰዓት እኔም አላውቅም ነበር፤ አሁንም በደንብ አላውቅም።

የዕለቱ ንባባችን ስለ ሁደይቢያ ውል ነበር። ነቢዩ በዚያ ዓመት መካ ሳይገቡ ለመመለስ ተስማሙ፤ ሰሃቦቹ፣ ባልደረቦቻቸው፣ ግን ከሐዘን ብዛት መሥዋዕታችሁን እረዱና ጸጉራችሁን ተላጩ ሲባሉ የሚነሣ ጠፋ። ያን ጊዜ ከነቢዩ ሚስቶች አንዷ «ማንንም ሳያናግሩ ይውጡና እርስዎ ራስዎ ያድርጉት» ብላ መከረቻቸው። አደረጉት፤ ሕዝቡም ተነሥቶ ተከተላቸው።

«ይህች ሴት በወጣትነቷ ተሰድዳ ሐበሻ አገር ኖራለች» አልኩ ከመጽሐፉ ቀና ብዬ።

አሮጊቷ እናት ጭናቸውን መታ አደረጉ። «በይ እንግዲህ! ይሄን ብልሃት ከማን ተምራ ኖሯል!»

ሳሎኑ በሳቅ ሞላ። የኡስታዝ ሚስትም ሳቀች፤ ስትስቅ ስትስቅ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ማልቀስ ጀመረች። ማንም ምን ሆንሽ አላላትም፤ ዱዓ እናድርግልሽም ያላት የለም። አሮጊቷ እናት ብቻ ወንበራቸውን ወደ እሷ አስጠጉ። እኔም ገጹን ገልጬ ማንበቤን ቀጠልኩ።